የታደሰ ቤት እውነቱን ይናገር

ቤት ከሠሪው ይልቅ ዕድሜ አለው። ሠሪው ያልፋል፤ ተቀማጩ ይለወጣል፤ ሥርዐቱም ይገለበጣል። ቤቱ ግን ጣራው እስካላፈሰሰ፥ ግድግዳውም እስካልተናደ ድረስ ያየውን ሁሉ ይዞ ይቆያል። ይሁን እንጂ ቤት አንደበት የለውምና፥ ያየውን የሚናገርለት ሰው ካላገኘ እንጨትና ድንጋይ ከመሆን አያልፍም። ኢያሱ ወልደ ነዌ ሕዝቡን ዮርዳኖስን ካሻገረ በኋላ ከወንዙ መካከል አሥራ ሁለት ድንጋዮች አስወጥቶ በጌልገላ ያቆመው ድንጋዮቹ ያማሩ ስለ ነበሩ አይደለም፤ ልጆች ነገሩን በጠየቁ ጊዜ አባቶች የሚመልሱት ታሪክ እንዲኖራቸው ነው እንጂ። ድንጋዩ ያለ መልሱ ዕንቅፋት ነው፤ መልሱም ያለ ድንጋዩ ቶሎ ይረሳል።

ይህን ያነሣነው በመዲናችን ጥንታውያን ቤቶችን እያደሱ ከነግቢያቸው ለጐብኚ መክፈት በእነዚህ ዓመታት እየተስፋፋ ስለ ሄደ ነው። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች ሳይታሰብባቸው እንዳያልፉ እንፈራለን። የታደሰ ቤት ለጐብኚው የሚነግረው ምንድር ነው? ለመታደስስ የሚመረጠው የማን ቤት ነው? የነገሥታቱና የመኳንንቱ ብቻ ነውን? ወይስ የአዲስ ከተማ ነጋዴ ሱቅም ከታሪክ ይቈጠራል? የእኛ አሳብ እንዲህ ነው፤ እድሳት ማለት ግድግዳውን ቀብቶ በሩን ወልውሎ መክፈት ብቻ ሳይሆን፥ በቤቱ የሆነውን፥ የሚያኰራውንም የሚያሳዝነውንም፥ ሳይሸሽጉ መንገር ነው። ይህም ከሁሉ ይልቅ ዛሬ የሚያስፈልገው በመርካቶ ነው።

በመጀመሪያ በጎውን ምሳሌ እንመልከት። በመስከረም ወር 2012 ዓ.ም. የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ታላቅ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፈተ። የአውሮፓ መንግሥታት አፍሪካን በካርታ ላይ እየቈራረሱ ሲካፈሉ፥ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ነጻነቷን ያስከበረች አገር የተመራችው ከዚህ ግቢ ነውና፥ የታደሰው ቤት ለኢትዮጵያዊ ብቻ ሳይሆን ለጥቍር ሕዝብ ሁሉ የሚናገረው አለው። ወደዚያ የገባ ሰው የዙፋኑን ቤት፥ የግብሩን አዳራሽ፥ እንቍላል ቤት የተባለውን፥ አትክልቱንና ጥቍር ጋማ ያላቸውን አንበሶች ያያል። ከሁሉ ይበልጥ ልብን የሚነካው ግን ከዙፋኑ ቤት ሥር ያለው ምድር ቤት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሹማምንት በደርግ ትእዛዝ ታስረው የቆዩት በዚያ ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተገደሉ። አዳሾቹ ይህን ምድር ቤት በግንብ ደፍነው ስለ ዙፋኑ ክብር ብቻ መናገር ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ክፍተው አሳዩት። ዙፋንና እስር ቤት በአንድ ጣራ ሥር መሆናቸውን ያየ ሹም፥ ሥልጣን ምን ያህል አላፊ እንደ ሆነ ያለ ሰባኪ ተምሮ ይወጣል።

ሁለተኛው ምሳሌ በስድስት ኪሎ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ይህ ቤት በወረራው ዘመን የፋሽስት እንደራሴ መቀመጫ ሆነ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። ከዚያ ወዲያ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደውን መዓት ሁሉም ያውቀዋል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቍጥር 30,000 ብሎ አስታውቋል። በግንቦትም ወር ቍጣው ደብረ ሊባኖስ ደርሶ መነኰሳቱና ዲያቆናቱ ተረሸኑ። በግቢው ውስጥ ፋሽስቶች የገነቡት አንድ ደረጃ ቆሞ ይታያል። ፋሽስት ሮማን ከያዘበት ከ1922 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ ለእያንዳንዱ የአገዛዝ ዓመት አንድ እርከን እየተባለ የተሠራ ነው። ነጻነት ሲመለስ ኢትዮጵያውያን ደረጃውን አላፈረሱትም፤ በጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አስቀመጡበት። ጠላት ለዘለዓለም እወጣዋለሁ ያለው ደረጃ የት ላይ እንደ ተቈረጠ ከዚህ የበለጠ ምን ይናገራል?

የዚያም ቤት ታሪክ በድል ብቻ አላበቃም። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. በመንግሥት ግልበጣው ሙከራ ጊዜ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች በአረንጓዴው ሳሎን ተገደሉ። በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ ደም የፈሰሰበትም ቤት የመጻሕፍትና የቅርስ ማደሪያ ሆነ። እንግዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ የነጻ መንግሥት ክብር፥ የወራሪ ጭካኔ፥ የወንድማማች መገዳደልና የትምህርት ብርሃን ተደራርበው ይገኛሉ። ከአራቱ አንዱን መርጦ ሦስቱን የሚሸሽግ አስጐብኚ ቤቱን አላስጐበኘም፤ ቤቱን ቈርሶ ሰጠ እንጂ።

አሁን ፊታችንን ወደ አዲስ ከተማ እንመልስ። ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ነበር። ፋሽስት ኢጣሊያ በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማውን ከያዘ በኋላ ኢኛሲዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች አዲስ ፕላን ነደፉ። የፕላኑ መሠረት ነጩን ከጥቍሩ መለየት ነበር። ኢጣሊያኑ የሚኖርበትና የሚነግድበት ከተማ ለብቻው፥ የአገሬው ሰው ደግሞ በምዕራብ በኩል ለብቻው እንዲሆን ታሰበ። ገበያውም ከአራዳ ተነሥቶ ቀጥ ባሉ መንገዶች በተከፋፈለ ስፍራ የአገሬው ሰው ገበያ ተብሎ ተተከለ። ዛሬ መርካቶ ብለን የምንጠራው ይህ ነው፤ ቃሉም በኢጣሊያ ቋንቋ ገበያ ማለት ብቻ ነው። አራዳ ፒያሳ የተባለው፥ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የኢጣሊያ ድርጅት ካዛንቺስ የሚለው ስም የወጣው፥ ፖፖላሬም ከሕዝብ መኖሪያ ቤቶቹ የተጠራው በዚያው ዘመን ነው። እነዚህን ስሞች በየቀኑ በአፋችን እናመላልሳቸዋለን፤ ከየት እንደ መጡ የሚያውቀው ግን ከሚጠራቸው ስንተኛው ነው?

የታሪኩ ታላቅ ክፍል ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የነጻነት ሰንደቅ ዓላማ በመዲናዪቱ ሲመለስ የመለያየቱ ሕግ ፈረሰ፤ ገበያው ግን አልፈረሰም። በንቀት የተከለለለትን ስፍራ ሕዝቡ በላቡ ወርሶ የአገር ንግድ ልብ አደረገው። ከጕራጌ አገር በእግሩ መጥቶ በተሸካሚነትና በአነስተኛ ችርቻሮ የጀመረው ወጣት በእቍብ ገንዘብ ሱቅ ከፈተ፤ ከየአውራጃው የመጣውም እንዲሁ። ሸማው በሸማ ተራ፥ በርበሬው በበርበሬ ተራ፥ ጭዱ በጭድ ተራ፥ አሮጌው ብረትና በርሜል በምናለሽ ተራ እየሆነ፥ ገበያው ማንም ሳያስተምረው የራሱን ሥርዐት አወጣ። የታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በጕርብትና ቆመው፥ ምእመናኑ አንዱ ከሌላው ሱቅ ይገዛል፤ አንዱ በሌላው ኀዘን ይቀመጣል። ሰውን ከሰው ለመለየት የተነደፈው ስፍራ ሰውን ከሰው ማገናኛ ሆነ። ይህ ያለ ጠመንጃ የተገኘ ድል ነው፤ ሐውልት ግን አልቆመለትም።

አንዳንድ ሰው ጠላት የተከለውን ምን ብለን እንጠብቃለን? ያ ዘመን ቢረሳ ይሻላል ይላል። ይህ አነጋገር ከአገር ፍቅር የመጣ መሆኑን አንክድም፤ ግን ያሳስታል። የበደል ምልክት ሲጠፋ የሚጠቀመው በዳዩ እንጂ ተበዳዩ አይደለም። በጋና አገር በኤልሚና ፖርቱጋሎች በ1482 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የገነቡት ምሽግ ለብዙ ዘመናት ባሪያዎች ወደ መርከብ የሚጫኑበት ስፍራ ነበር። የጋና ሰዎች ነጻ ሲወጡ አላፈረሱትም። የዘመዶቹን ዱካ ፍለጋ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጥቍር ሰው ዛሬ በጠባቡ በር ቆሞ ያለቅሳል፤ በዳይም የሆነውን አልሆነም ለማለት አይችልም። ጐረቤታችን አስመራም በ2009 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባ የተመሰገነው የቅኝ ገዢው አሳብ አይደለም። ሕንጻዎቹን በጕልበቱ የሠራቸው፥ ከነጻነትም በኋላ የራሱ አድርጎ የጠበቃቸው የአገሩ ሕዝብ ነው። ጠባቂው ባለቤት ይሆናል፤ አፍራሹ ግን ከታሪኩ ጋራ መከራከሪያውንም ያጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፊተኛው የበረታ ነው። የመርካቶ መሬት ውድ ነው፤ ሕዝቡ የሚያስፈልገው ሰፊ መንገድ፥ ንጹሕ ውሃ፥ መጸዳጃና ከእሳት የሚድን ሱቅ እንጂ የአሮጌ ቤት ትዝታ አይደለም ይባላል። በዚህ ነገር እውነት አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ዕድሜ ልክ ድካም በአንድ ሌሊት አመድ አድርጓል። መንገዱ ጠባብ፥ ሱቁም በሱቅ ላይ የተደራረበ ሲሆን እሳት አጥፊው መኪና እንዴት ይገባል? ስለዚህ የምንለው መርካቶ እንዳለ ይቀመጥ፥ ነጋዴውም ለጐብኚ ዓይን ሲባል በቆርቆሮ ሥር ይኑር አይደለም። ከሺሁ ቤት አንዱን ወይም ሁለቱን ከነግቢያቸው መርጦ መጠበቅ ልማትን አያግድም። እንዲያውም እሳቱ ያስተማረን ሌላ ነገር አለ፤ ከሸቀጡ ጋራ የሚቃጠለው የነጋዴው የሒሳብ መዝገብ፥ የእቍቡ ደብተር፥ የመጀመሪያው የንግድ ፈቃድና የአባት ፎቶግራፍም ነው። እነዚህ ከተቃጠሉ በኋላ በየትኛውም ባንክ ብድር አይተኩም።

ደግሞም ጥንታውያን ቤቶች ለምን እንደሚፈርሱ ማወቅ ይገባል። ዝናብና ምስጥ ብቻ አይደሉም አፍራሾቹ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲያደርግ፥ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ዝቅተኛ ሆኖ ስለ ቆየ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልተገኘም። ተከራዩ የእኔ አይደለም ብሎ ምስማር አልመታበትም፤ ቀበሌውም ገንዘብ የለኝም ብሎ ተወው። ለአንድ ቤተ ሰብ የተሠራው ቤት ለብዙ አባወራ እየተከፈለ በረንዳው በጭቃ ተዘጋ፤ ግቢውም በማድ ቤት ተሞላ። እንግዲህ ጥፋቱ የክፉ ሰው ሥራ ሳይሆን ባለቤት የማጣት ውጤት ነው። አድሶ ለመክፈት የሚያስብ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ቤቱን ባለቤት ይስጠው። በውስጡ የሚኖሩትንም ድኾች ተገቢ መጠለያና ካሣ ሳይሰጥ አያስነሣቸው። እንባ ፈሶበት የታደሰ ቤት ለጐብኚው ምን መልካም ነገር ይናገራል?

አሠራሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጥንቱ የአዲስ አበባ ቤት ባብዛኛው በጥድና በሌላም እንጨት ማገር ተዋቅሮ በጭድ ጭቃ የተመረገ፥ ከሥሩ በድንጋይ የተደገፈ፥ ከላዩም ቆርቆሮ የለበሰ ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳ ይተነፍሳል። ቸኵሎ በሲሚንቶ የሚለስነው ሰው እርጥበቱን ከውስጥ ያፍነዋል፤ እንጨቱም በስውር ይበሰብስና ቤቱ ከውጭ አምሮ ከውስጥ ይሞታል። ጭቃና ኖራ ርካሽ ቢመስሉም ለዚህ ቤት መድኃኒቶቹ እነርሱ ናቸው። ከሁሉ በፊት አሸንዳው ይጠገን፤ የጣራው ውሃ ከመሠረቱ ይራቅ፤ የቀረው ኋላ ይደርሳል። ዕድሉን እያሳለፉ መዘግየትም ጥፋት ነው። በዛንዚባር በ1883 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተሠራው የሱልጣን በርጋሽ የድንቅ ቤት ለዓመታት ሲሰነጣጠቅ ከቆየ በኋላ፥ በታኅሣሥ ወር 2013 ዓ.ም. እድሳት እየተደረገለት ሳለ ከፊሉ ተናደ። ዘግይቶ የመጣ ሐኪም በሽተኛውን አያድንም።

እንግዲህ በመርካቶ የሚታደሰው ቤት ምን ይምሰል? ቤተ መንግሥት እንዲመስል አንሻም። ፊቱ ሱቅ፥ ጀርባው መኖሪያ፥ መካከሉ ግቢ የሆነ የነጋዴ ቤት ይበቃል። በሱቁ በኩል ሚዛኑ፥ ክንዱና ሜትሩ፥ የሒሳብ መዝገቡ ይቀመጥ። በመኖሪያው በኩል እቍብተኞች የሚሰበሰቡበት፥ ዕድርተኞችም የሚመክሩበት ሥርዐት ይታይ። በግድግዳው ላይ የጉዊዲና የቫሌ ፕላን ይሰቀል፤ ከአጠገቡም ዛሬ ያለው የመርካቶ ካርታ ይሰቀል፤ ጐብኚው ሁለቱን አስተያይቶ ጠላት ያሰበው ምን እንደ ነበር፥ ሕዝቡም ምን እንዳደረገው በዓይኑ ይፍረድ። ግቢው ደግሞ ከገበያው ጫጫታ የሚያርፉበት ጥቂት ጥላ ያለው ይሁን፤ ተሸካሚውና ሊስትሮውም በነጻ ይግቡበት፤ ታሪኩ የእነርሱ ነውና። በምናለሽ ተራ አሮጌውን ብረት ቀጥቅጠው አዲስ ዕቃ የሚያደርጉ ባለእጆች እያሉ፥ የበሩን ማጠፊያና የመስኮቱን ፍርግርግ ለማሠራት ወደ ውጭ አገር መላክ አያሻም።

ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ ሹማምንት የምንለው አጭር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ደንግጓል፤ ሕግ ግን በመዝገብ ቤት ተኝቶ ቤት አይጠብቅም። በቅርብ ዓመታት ለመንገድና ለኮሪደር ልማት በፒያሳና በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ተነሥተዋል። የሚፈርሰው ሁሉ ቅርስ ነው አንልም። ነገር ግን አንድ ቤት ከመፍረሱ በፊት ይለካ፤ ይነደፍ፤ ፎቶግራፉ ይነሣ፤ የኖሩበትም ሽማግሌዎች ቃል ይጻፍ። ይህ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። የፈረሰውን ቤት መልሶ መሥራት ባይቻል እንኳ፥ የተጻፈውን መልሶ ማንበብ ይቻላል። ትእዛዝ የሚፈርመው እጅ በዚያው ቀን የመመዝገቡንም ትእዛዝ ቢፈርም የሚያጐድለው ነገር የለም።

ለካህናት አባቶቻችንም የምንለው አለን። ቅርስ መጠበቅን ለዚህች አገር ያስተማረው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው። ብራናውን ከእሳትና ከምስጥ፥ ጽዋውን ከሌባ፥ ታቦቱን ከጠላት ሸሽጎ ያቆየ ካህን የታሪክ ጠባቂ ነው። ነገር ግን ዛሬ በየአጥቢያው አሮጌውን መቅደስ አፍርሶ በሲሚንቶ ትልቅ ሕንጻ መሥራት፥ የጥንቱንም ሥዕል በአዲስ ቀለም መሸፈን እንደ በጎ ሥራ ሲቈጠር እናያለን። ምእመናን ለእግዚአብሔር ቤት መስጠታቸው ይመሰገናል፤ አባቶች ያቆዩትን አጥፍቶ የሚሠራ ሥራ ግን ልጁን አሳድጎ አባቱን የሚያስርብ ሰው ይመስላል። አሮጌው መቅደስ ይጠገን፤ አዲሱም ከአጠገቡ ይሠራ። በአዲስ ከተማ ያሉ አድባራትም የጥምቀት፥ የጋብቻና የቀብር መዝገባቸውን በጥንቃቄ ቢይዙ፥ የዚያን ሰፈር ሕዝብ ታሪክ ለመጻፍ የሚሻ ሰው ከዚያ የበለጠ ምንጭ አያገኝም።

አንባቢ ሆይ፤ የቅኝ ገዢ ዘመን ቤት በሌላው አገር ሲታደስ ብዙ ጊዜ ጥያቄው የገዢውን ታሪክ ማን ይናገራል የሚል ነው። በእኛ አገር ጥያቄው ሌላ ነው። እኛ አልተገዛንም እያልን በእውነት እንኰራለን፤ አምስቱንም ዓመት የጠላት ወረራ ብለን በትክክል እንጠራዋለን። ነገር ግን ኵራት ብቻውን ከቀረ የደረሰውን መከራ ያስረሳል። በየካቲት 12 ሐውልት አጠገብ አበባ አስቀምጠን ስንመለስ፥ ያ መለያየት በገበያ፥ በመንገድና በቤት እንዴት እንደ ተጻፈ፥ ከዚያም በተራው ሰው ላብ እንዴት እንደ ተፋቀ ልናውቅ ይገባናል። ያ ጽሕፈት ዛሬም የሚነበበው በመርካቶ ነው፤ አንባቢዎቹ ሽማግሌዎች ግን አንድ በአንድ እያለፉ ናቸው። የመንግሥት ሹም ብዕሩን፥ ካህኑ መዝገቡን፥ ነጋዴውም የአባቱን ሚዛን ይዞ ይቅረብ፤ አንድ ቤትም በአንድነት ያድሱ። ልጆቻችን ይህ ምንድር ነው ብለው ሲጠይቁ የሚሰሙት መልስ ያኔ ይኖራቸዋል።